የመሃሉ ሣጥን ሽቦ

ልጄ ሂክማ ባለፈው ሳምንት ስልኳን ይዛ መጣች። ቤቷ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ነው። ሳሎኗን ቀለም አስቀብታ ጨርሳለች፤ የቀራት ድምፅ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ አንድ ረጅም ጥቁር ነገር አሳየችኝ፤ የበር መቀርቀሪያ ይመስላል።

«እማ፣ ይሄን ልግዛ?»

«ምንድን ነው?»

«ስፒከር ነዋ። ቲቪው ሥር ይቀመጣል።»

«ሌሎቹስ የት አሉ?»

«ሌላ የለውም። ይሄው ነው።»

«ሪሲቨሩስ?»

«ውስጡ ነው እማ። ሁሉም ውስጡ ነው።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አየሁት። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ሳቀች። «የሀርጌሳን ሰው ሁሉ ስፒከር ያስመረጥሽ ሴትዮ፣ ለእኔ ሲሆን ነገ?»

ነገም አለፈ፣ ከነገ ወዲያም አለፈ። እስካሁን አልነገርኳትም። ሥራ የተውኩት ዓይኔ ትንንሽ ብሎኖችን ማየት ስለተሳነው ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ጥያቄዋም ከባድ አልነበረም። ግን ስልኩ ላይ ያየሁት ነገር፣ እኛ የመሃሉ ሣጥን የምንለው ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ሄደው እሱ ብቻውን ቀርቷል። እኔ ደግሞ በሥራ ዘመኔ ትልቁን ነገር የተማርኩት እሱን በመንቀል ነው። ተማርኩ ከተባለ። ስለዚህ ለልጄ መልስ ከመስጠቴ በፊት ለራሴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሀርጌሳ የመጣነው ከተማዋ ከፍርስራሽ በመነሳት ላይ ሳለች ነው። የሂክማ አባት ግንበኛ ነበር። ድሬዳዋ ሥራ ሲጠፋበት፣ እዚያ ግድግዳ የሚጠብቅ ቤት ሞልቷል አሉት። እውነት ነበር። ሰው ጣሪያ በሌለው ክፍል ምንጣፍ አንጥፎ፣ በላዩ ላስቲክ ወጥሮ ይኖር ነበር። በየመንገዱ የብሎኬት ክምር፣ የአሸዋ ክምር፣ የቆርቆሮ ድምፅ። ሥራው ጥሩ ሄዶ ሳለ ባለቤቴ ከእንጨት መወጣጫ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። አላህ ነፍሱን አተረፈለት። ከባድ ማንሳት ግን ቀረ። እኔ ሥራ ልፈልግ ወጣሁ።

መጀመሪያ አያሃ ሰፈር ሄጄ ለቀን ሠራተኞች ባቄላ እየቀቀልኩ ሸጥኩ። ከዚያ በአየር ማረፊያው መንገድ ላይ ቲቪና ቴፕ የሚሸጥ ሰው ዘንድ አቧራ ጠራጊ ሆኜ ገባሁ። ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ግን ዕቃውን አያዳምጥም። ሣጥኑ ላይ ትልቅ የዋት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከተለጠፈ ለእሱ በቂ ነው። ወረቀቱ የተነሳበትን ዕቃ ለብቻ ያስቀምጥ ነበር፤ እንደ ወላጅ አልባ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ሰው የሚገዛው የሚያነበውን ነው» አለኝ። ገበያው ሲቀዘቅዝ አሰናበተኝ፤ የወሩን ደሞዜን ግን ሳያጓድል ሰጠኝ። አላህ ይስጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር፣ አዴር ሙሴ ሱቅ ውስጥ አለፈ። አዴር በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠራቸው። በሶማልኛ ስናወራ አንተ ነበር የምላቸው፤ ቋንቋው እንዲያ ነው። በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

የቀጠሩኝ ቀን የነገሩኝ ምክንያት ግራ አጋብቶኝ ነበር።

«ወንድ ነኝ» አሉኝ። «ዕቃውን የሚገዙት ባሎቹ ናቸው፤ አብረውት ውለው የሚያድሩት ሴቶቹ ናቸው። እኔ ሴቶች የተቀመጡበት ክፍል ገብቼ ማዳመጥ አልችልም። አንቺ ትችያለሽ።»

«አዴር፣ እኔ ስለ ዕቃው ምንም አላውቅም።»

«ጆሮ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ሌላው ይመጣል።»

አንዳንድ ደንበኛ «ይቺ ሐበሺያ ናት የምትመርጥልኝ?» ይል ነበር። አዴር ሙሴ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ጆሮህ ከእሷ የሚበልጥ ከሆነ ና ተቀጠርልኝ» ይሉታል። ሰውዬው ይስቃል፤ ሻሂውን ይጠጣል።

ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ድምፁን ከዲቪዲው ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ከባድ ማሽን ነው። ሁለት ስፒከሮች ከቲቪው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አንዱ ጋደም ያለ ነው፤ መሃል ላይ፣ ቲቪው ሥር ይቀመጣል። ሁለት ትንንሾች ከተቀማጩ ጀርባ ይሰቀላሉ። ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ትልቅ ሣጥን ደግሞ ዉፈር ይባላል። የእኛ ዕቃ ሌላ ሰው የተገለገለበት፣ ከዱባይ በበርበራ ወደብ የሚገባ ነበር። ግማሹ ደህና፣ ግማሹ የሞተ። ሥራችን የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

አዴር ሙሴ እጃቸውን ሳይታጠቡ ዕቃ አይከፍቱም። ታጥበው በፎጣ አድርቀው ይመጡና፣ ሪሲቨሩን ከሥሩ በሁለት እጃቸው ይዘው ከፍ ያደርጉታል። ቀላል ከሆነ መልሰው ያስቀምጡታል። «ውስጡ መዳብ የለም። ዋቱ ወረቀቱ ላይ ነው ያለው።» ከዚያ ጀርባውን ያሸታሉ። የተቃጠለ ጥቅል ሽቦ ሽታው ለዓመት አይለቅም። በዚህ በኋላ እኔ በለጥኳቸው፤ እሳቸው ትንባሆ ያጨሱ ነበር።

ስፒከር ሲመርጡ ፊቱ ላይ የሚርገበገበውን ወረቀት በአራት ጣት ዙሪያውን እኩል ጫን እያደረጉ ጆሮ ያስጠጋሉ። ውስጡ የተጠማዘዘ ከሆነ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ነገር ይሻከራል። የባትሪ ድንጋይ ወስደው ሽቦውን ነካ ያደርጉታል፤ ወረቀቱ ወደ ፊት ብቅ ካለ ሽቦው በቦታው ነው፤ ወደ ኋላ ከገባ ተገልብጧል። ሁለት ስፒከር አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ ድምፁ ክፍሉ መሃል ይጠፋል፤ ሰው ግን ምን እንደጎደለው አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይከፋዋል።

መጨረሻ ላይ የሚፈትኑት በቁርኣን ቅጂ ነበር። አንድ አሮጌ ካሴት አላቸው፤ የሚያነበው ቃሪ ማን እንደሆነ አላውቅም። «ልብሽ የሚያውቀውን ድምፅ ካልሰማሽ ማሽኑ ሲዋሽ አትይዢውም» ይሉኝ ነበር። ካሴቱ ሲከፈት ሱቁ ውስጥ ወሬ የለም። ደንበኛ እያወራ ከገባ ያጠፉታል፤ ዝም ሲል ይከፍቱታል። እኔ መጀመሪያ ፊልም ባለበት ሥራ መግባቴ ያስጨንቀኝ ነበር። ያን ካሴት ከሰማሁ በኋላ ቀለል አለኝ።

ገዢ ሲመጣ ዋጋ አይጠይቁም፣ አይናገሩም። ያስቀምጡትና «ከዐስር ሶላት በኋላ ቤትህ በሐሳብህ ግባና ንገረኝ፤ ማን የት ተቀምጧል?» ይላሉ። ሰውዬው ግራ ይጋባል። ምንጣፍ ላይ ነው ወይስ ወንበር ላይ? መጋረጃው ስስ ነው ወፍራም? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው? ቆርቆሮ ከሆነ ዉፈር አይሸጡለትም፤ ጣሪያው አብሮ ይዘፍናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስንት እንደያዘ የሚጠይቁት። ሁልጊዜም የያዘው ትንሽ ነበር። ያኔ ማን ብዙ ነበረው?

ለትንሽ ገንዘብ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ በእንቅልፌም እደግመዋለሁ። «ከባዱን ሪሲቨር ውሰድ፤ እሱን በኋላ መቀየር አትችልም። የጀርባዎቹን ተው። ዉፈሩንም ተው። የመሃሉን ግን አትንካ። ሰው የሚናገረው በእሱ ነው። ፊልም ማለት ሰው ሲናገር ነው።»

ይህን ቃል አምነን ስንት ቤት ሠራን። አንድም ቀን አላሳፈረንም። ከዚያ ሳህራ መጣች።

ሳህራ ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ቤቷ ከሱቃችን ብዙ አይርቅም። ትልቁን ክፍሏን ለሴቶች የፊልም ማሳያ አድርጋው ነበር፤ ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ፣ የህንድ ፊልም፣ ለሴቶችና ለልጆች ብቻ። የሰፈሩ እናቶች ሥራቸውን ጨርሰው ሁለት ሰዓት አረፍ የሚሉበት ቦታ ሌላ አልነበረም። ከዚያች ክፍል በምታገኘው ነበር ልጆቿን የምታሳድገው። አሁን ግን ከታች ሰፈር ሌላ ሴት ትልቅ ድምፅ ያለው ቤት ከፈተችና ደንበኛ ይቀንስባት ጀመር። የባሏ ዘመዶች ደግሞ ልጆቹን ገጠር እንውሰዳቸው፣ አንቺ አትችያቸውም እያሉ ነበር።

አምባሮቿን ሸጣ መጣች። ክንዷ ላይ ቦታቸው ነጣ ብሎ ይታያል።

«ከዚህ በላይ የለኝም» አለች። «የሚሆነውን እናንተ እወቁ።»

አዴር ሙሴ የተለመደውን ጠየቋት። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። መጋረጃው ወፍራም ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ምን ያህል ሴት ይመጣል? ሲሞላ በሩ ድረስ። ሁሉንም መለሰች። እኔና እሳቸው አብረን መረጥን፤ ከባዱን ሪሲቨር፣ ሁለት የፊት ስፒከሮች፣ ከሱቁ ሁሉ የተሻለውን የመሃል ሣጥን። ሴቶቹ መሬት ስለሚቀመጡ ሣጥኑን ዝቅ አድርገን ወደ ጆሯቸው ቀና አደረግነው። አዴር ሙሴ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ሳለ ራሳቸው ገብተው አዳመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ተዋናዩ እንደ ሰው፣ እዚያው ፊታችን ቆሞ የሚናገር መሰለ።

«አሁን የትኛዋም ሴት ቃል አያመልጣትም» አሉ። ሳህራ አለቀሰች። እኔም አላህን አመሰገንኩ።

በሳምንቱ ሳህራ ሱቅ መጣች። ቆማ ስፒከሮቹን ታያለች።

«ተበላሸ?» አልኳት።

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«ሴቶቹ ቀነሱ።»

«ድምፁ ምን ሆነ?»

«ምንም። ትልቅ ነው። ማሻ አላህ።» ወደ ሱቁ አምፖል አየችና «መብራቱ ይሆናል» አለች።

መብራቱን ያዝን። ያኔ መብራት ከየሰፈሩ ጀኔሬተር በሽቦ ነበር የሚመጣው፤ አመሻሽ ላይ ሁሉም ሲያበራ ይዳከማል። አዴር ሙሴ ኃይል ማስተካከያ ዕቃ በነፃ አስገቡላት። ሴቶቹ አልተመለሱም። ሪሲቨሩን ወደ ሱቅ አምጥተን ከፈትነው፤ ንጹሕ ነው። በካሴቱ ፈተንነው፤ ጤነኛ ነው። ባዶው ክፍል ውስጥ መልሰን አቆምነው፤ ያምራል። የመሃሉ ንግግር አንሶ ይሆናል ብለን ከፍ አደረግነው። በማግስቱ የመጡት ሴቶች ይባስ ጥቂት ሆኑ።

አዴር ሙሴ ምግብ ቀነሱ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። የታመመ ማሽን ያውቃሉ፤ ጤነኛ ሆኖ ሰው የሚያባርር ማሽን ግን አያውቁም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ነጃት፣ ምን አጠፋን?» ይሉኝ ነበር። እኔ ምን ልበል? ሳህራ ደግሞ አትወቅሰንም። ብትወቅሰን ይሻል ነበር። አንድ ቀን ስታልፍ «የባሌ ወንድም ሐሙስ ይመጣል» ብቻ አለችኝ። ልጆቹን ሊወስድ መሆኑ ገባኝ።

«ግቢና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ» አሉኝ አዴር ሙሴ። «እኔ የምሰማው ባዶ ክፍል ነው። የሞላውን ስሚልኝ።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የሞላ አልነበረም። ስድስት ወይም ሰባት ሴቶች ተበታትነው ተቀምጠዋል። ሳህራ በሩ ላይ ነበረች። ፊልሙ ተጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ እውነቴን ነው። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ የህንድ ፊልም አይ ነበር፤ አንድ ቃል ሳይገባኝ አልቅሼ እወጣለሁ። ለእኔ ህንድኛ ማለት እንደ ዝናብ ነው፤ ይወርዳል፣ ትሰሚዋለሽ፣ በቃ። ስለዚህ ምንም የጎደለ አልታየኝም።

ተዋናይቷ አባቷ እግር ላይ ወድቃ መናገር ጀመረች። የመሃሉ ሣጥን ቃሏን ሁሉ አጥርቶ አወጣው። እኔ ዓይኔ እንባ ሲሞላ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ጎረቤቷን በክርን ነካች።

«ምን አለችው?»

«እኔ ምኑን አውቄ?»

ሁለቱም ዞረው ወደ ማዕዘኑ አዩ። ማዕዘኑ ላይ አንድ ምንጣፍና ቀይ መከዳ አለ። የተቀመጠበት ሰው የለም። ክፍሉ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ፣ ተዋናዮቹ በተናገሩ ቁጥር ያን ባዶ መከዳ እያየች መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«የማን ቦታ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«የኤዶ ዘይነብ» አለችኝ። ኤዶ አክስቴ ማለት ነው።

«ለምን አልመጣችም?»

ሴትዮዋ በአገጯ ወደ ቲቪው ጠቆመች። «እሱ እያለ?»

አሁንም አልገባኝም። ፊልሙ ሳያልቅ ወጥቼ ኤዶ ዘይነብ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቤት አልፎ ነው። ቀጭን፣ ረጅም አሮጊት ናት። ልጅነቷን ያሳለፈችው ኤደን ነው፤ ከህንድ ነጋዴዎች ልጆች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ። ህንድኛ እንደ ራሷ ቋንቋ ታውቃለች።

«ለምን ቀሩ፣ ኤዶ?»

«ጉሮሮዬን አመመኝ።»

«አላህ ያሽርዎት።»

ጋርባሳሯን፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ሻርፕ፣ አስተካከለች። «ያቺ ሴትዮ ደግሞ ትጮህብኛለች።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«በሣጥኑ ውስጥ ያለችው። እኔ ‹እንዲህ አለችው› ስል እሷ ገና ትናገራለች። እኔ ከፍ ስል እሷ ከፍ ትላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ይባስ ጨመራችሁላት። ልጄ፣ እኔ አንድ አፍ ነው ያለኝ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ለካስ ሳህራ ቤት ሴቶቹ የሚመጡት ኤዶ ዘይነብን ለመስማት ነበር። ቲቪው በራሱ ደካማ ድምፅ ሲያንሾካሹክ፣ እሷ ከማዕዘኗ ሁሉንም በሶማልኛ ትነግራቸዋለች። መንገር ብቻም አይደለም። ተዋናዩን ወላሂ ታስምለዋለች። ውሸታም ሲመጣ «ይሄን አትመኑት» ትላለች። ጭፈራ ሲመጣ «ይሄ ይለፈን» ብላ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን፣ ትቆጥራለች። ሴቶቹ ስቀው፣ አልቅሰው፣ ተከራክረዋት ይሄዳሉ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለሚታወቅ ማንም አልነገረንም። ሳህራም ያን ሁሉ ጥያቄ ስንጠይቃት መናገር የሚያስፈልገው ነገር አልመሰላትም፤ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንደማለት ነበር። ኤዶ ስትቀር ደግሞ ጉሮሮዋን አሟት መስሏታል፤ ከዕቃው ጋር አላገናኘችውም።

እኛም ሳናውቅ እሷን ለማሸነፍ ከሱቁ ሁሉ የተሻለውን ሣጥን መርጠን ነበር።

ለአዴር ሙሴ ነገርኳቸው።

«ማይክሮፎን እንስጣት» አሉ።

ኤዶን ጠየቅኳት። «ዘፋኝ ነኝ?» አለችኝ። «ድምፄ መንገድ ወጥቶ ወንድ ሊሰማው?» ልክ ናት አልኩ በልቤ። እኔም ብሆን አልይዝም።

«ድምፁን በሙሉ እንቀንስ» አልኩ።

«ታዲያ ዘፈኑና ዝናቡስ? ለታች ሰፈሯ ሴት እናስረክብ?» አሉ አዴር ሙሴ።

በማግስቱ ሁለታችንም ሥራ አልሠራንም። ረቡዕ ነበር። ዐስር ከመድረሱ በፊት ብቻዬን ሳህራ ቤት ገባሁና ሪሲቨሩን ከጀርባው አዞርኩት። ምን እንደማደርግ በደንብ ያወቅኩ አይመስለኝም። የመሃሉን ሽቦ ያዝኩና ነቀልኩት።

አንድ ነገር ግን አውቄ ተውኩ። ለሪሲቨሩ የመሃል ስፒከር የለም ተብሎ ቢነገረው ንግግሩን ለግራና ለቀኝ ያካፍለዋል። አልነገርኩትም። አለ ብሎ እንዲያምን ተውኩት። ንግግሩን ማንም ወደሌለበት ይልካል። ፊልሙን ስከፍት ዘፈኑ ክፍሉን ሞላው፣ ዝናቡ ግራና ቀኝ ወረደ። ሰው ሲናገር ግን ከግድግዳ ጀርባ እንዳለ ጎረቤት ቀጠነ። ለባዶ ክፍል በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ አስቀያሚው ድምፅ ነበር። አዴር ሙሴ ቢሰሙት ያባርሩኝ ነበር።

ቀዩን መከዳ ከማዕዘኑ አንስቼ ቲቪው ሥር፣ ሣጥኑ አጠገብ አደረግኩት። ኤዶ ዘይነብን እጇን ይዤ አመጣኋት።

«እዚህ? ሁሉም ሊያየኝ?»

«ሣጥኑን ይደገፉት፤ አይናገርም።»

ጠርጥራ በጣቷ መታችው። ተቀመጠች። ክንዷን አሳረፈችበት። ያን ዕለት የነበሩት ሴቶች ስድስት ነበሩ፤ ልጆች ሮጠው ሌሎችን ጠሩ። በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ የልጆቹ አጎት ሲመጣ በሩ ላይ ጫማ ሞልቶ መግቢያ አጣ። ውጭ ቆሞ ሳቅ ሰማ። ሳህራ ሻሂ አወጣችለት። ጠጥቶ ብቻውን ተመለሰ። ልጆቹ ከእናታቸው እጅ አልወጡም። አልሐምዱሊላህ።

አዴር ሙሴ ግን አልተዋጠላቸውም። ለዓመታት ጠየቁኝ። «ያለ መሃል? እንዴት ነው የሚሰማው?»

«ያምራል፣ አዴር።»

«ሊያምር አይችልም።»

«ባዶ ሲሆን አያምርም።»

እሳቸው የሚገቡት ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ሴቶች በተቀመጡበት ክፍል እግራቸው አልረገጠም። ስለዚህ እኔ ያየሁትን ማመን ነበረባቸው፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት አልቻልኩም። ለሌላ ደንበኛ «የመሃሉን አትንካ» ሲሉ እኔን አየት ያደርጉኝ ነበር።

ኤዶ ዘይነብ ወደ አኺራ የሄደችው ሳህራ ሁለተኛ ክፍል ከሠራች በኋላ ነው። ሐዘኑ እንዳለፈ ሳህራ ሱቅ መጣች። አምባር ዳግም አድርጋለች፤ ቀጭን።

«የመሃሉን ቀጥይልኝ» አለችኝ። «የሚናገር ሰው የለኝም።»

አዴር ሙሴ ከመደርደሪያው ጥሩ የመዳብ ሽቦ አወረዱ። ለብዙ ጊዜ ያስቀመጡት ነበር። «በይ ሂጂ» አሉኝ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

ቀጠልኩት። ባዶ ክፍል ውስጥ እንደ መጀመሪያው ቀን አማረ። ሴቶቹ ገቡ፤ እኔም ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ቀዩን መከዳ ማንም አልተቀመጠበትም። ፊልሙ ተጀመረ፤ ተዋናዩ ለልጅቷ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጥርት ብሎ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያኔ ከበሩ በኩል ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ።

«ወላሂ አገባሻለሁ ይላታል። አትመኑት።»

ሁሉም ዞሩ። ሳህራ ነበረች። አፏን በጋርባሳሯ ይዛለች።

«ቀጥዪ» አለች አንዷ።

«እኔ ህንድኛ አላውቅም።»

«ታዲያ ውሸታም መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሳቅ ሆነ። ሳህራ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ተዋናዩ እንደገና ተናገረ፤ ሣጥኑ ጮክ ብሎ አወጣው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅዋ ግን አልደረሰንም። እኔ በጉልበቴ ሄጄ ከሪሲቨሩ ጀርባ እጄን ሰደድኩና ያን አዲስ ሽቦ ነቀልኩት።

በማግስቱ አዴር ሙሴ እጃቸውን እየታጠቡ ጠበቁኝ።

«ቀጠልሽው?»

«ቀጠልኩት።»

«እንዴት ሆነ?»

«መልሼ ነቀልኩት።»

ፎጣውን ያዙ እንጂ አላደረቁም። «ማን ሊናገር?»

«ሳህራ።»

«ሳህራ ህንድኛ ታውቃለች?»

«አላውቅም ትላለች።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትነግራቸው?»

«አላውቅም፣ አዴር። ስቀው ነው የሚወጡት።»

«ሣጥኑስ?» አሉ።

«ክንዷን አሳርፋበታለች።»

ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። አላህ ይማራቸው፤ የማውቀውን ሁሉ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ የማላውቀውንም ቢሆን እንዲሁ።

ነገ ሂክማ ትመጣለች። የባሏ እናት አብራቸው ነው የምትኖረው፤ ያየችውን ሁሉ የምትተርክ ሴት ናት። መጀመሪያ «ሳሎንሽ ውስጥ ማን ነው የሚናገረው?» እላታለሁ። ከዚያ ያን ረጅም ነገር ግዢ ልበላት ወይስ አትግዢ፣ እስካሁን አልቆረጥኩም። ስልኩ ላይ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ የሚነቀል ሽቦ እንኳ የለውም።